የእትዬ ሽቶ እልልታ በሬዲዮ

የጎባ ሰው ስለ እትዬ ሽቶ እልልታ ሲያወራ ይጨምራል ይባላል። እኔ ቀንሼ ነው የምነግራችሁ። አንድ ሰርግ ላይ እልል ቢሉ የሙሽራው በቅሎ ደንብራ ሙሽራውን አማቶቹ ጓሮ፣ ጎመን መሃል አራገፈችው።

እትዬ ሽቶ ቅቤ ነጋዴ ናቸው። ሰው ሁሉ በልጃቸው ስም «ሃዳ ሙለታ»፣ የሙለታ እናት፣ እያለ ነው የሚጠራቸው። ሙለታ ወታደር ነው፤ በ1956 ዓ.ም. የድንበሩ ነገር ሲከር ወደ ኦጋዴን ተላከ። በዚያው ሰሞን እናትየው ሳንባ ምች ይዟቸው ሁለት ሳምንት ተኙ፤ ዳኑም። መታመማቸውን የሚያወራ ሰው ግንባር ድረስ ደረሰ፤ መዳናቸውን የሚያወራ ግን አልተገኘም። ደህና መሆን ምን ወሬ ይሆናል?

ሙለታ «የእናቴን ነገር ንገሩኝ» ብሎ ጻፈ። እትዬ ሽቶ ፊደል አልቆጠሩም፤ ማመልከቻ ጸሐፊው ኃይለየሱስ ጋ ሄደው «ደህና ነኝ» አስጻፉ። ይኼኔ ነው ነገሩ የተበላሸው። በእኛ አገር መርዶ በደብዳቤ አይነገርም፤ ሩቅ ላለ ሰው የሞተውም ደህና ነው። ሙለታ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። «ደህና ናት ካላችሁኝ ሞታለች ማለት ነው» ብሎ መለሰ። ፎቶግራፍ ተላከለት፤ «የድሮ ነው» አለ። ሦስተኛው ደብዳቤ ግን አስደነገጠ፦ «ፈቃድ ከለከሉኝ። እስከ ፋሲካ እውነቱን ካልነገራችሁኝ ጠፍቼ እመጣለሁ።» ከግንባር ጠፍቶ የመጣ ወታደር ምን እንደሚጠብቀው ጎባ ያውቃል።

«አንተ ነህ የገደልከኝ!» አሉት እትዬ ሽቶ ኃይለየሱስን።

«እኔ? አሳምሬ ጻፍኩልዎት እንጂ!»

«አሳምረህማ ነው የገደልከኝ። ‹ፍጹም ጤነኛ ነኝ› የምል ሰው ነኝ እኔ? ወገቤን ሳልል ውዬ አውቃለሁ?»

በዚህ መሃል ለወታደሩና ለሕዝቡ የሚተላለፍ የሬዲዮ መዝናኛ ሊቀዱ ዘፋኞች ከአዲስ አበባ መጡ። ቅዳሜ ከሰዓት የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ጢም አለ። እትዬ ሽቶ ከሁሉ ቀድመው ድምፅ ቀጂው ተክለማርያም ፊት ቀረቡ።

«ልጄ፣ ለሙለታ በሕይወት አለች በልልኝ።»

«እማማ፣ መልእክት አንቀበልም። የሁሉን እናት ስናናግር ጦርነቱ ያልቅብናል።»

«እልልታስ?»

«እልልታማ እንፈልጋለን!» አለ፤ ለጎባ እንግዳ ስለሆነ የእሳቸውን እልልታ አያውቅም።

የመጀመሪያው ዘፈን እንዳለቀ እትዬ ሽቶ አቀለጡት። ተክለማርያም የጆሮ ማዳመጫውን ከጭንቅላቱ መንጭቆ ወረወረ፤ የመቅጃ መሣሪያው መርፌ ቀዩን መስመር አልፋ እዚያው ተጣብቃ ቀረች። «እማማ፣ ወደ ኋላ ወንበር!» ከኋላም ያው ነው። በሩ ላይ አቆሟቸው፤ ያው። በመጨረሻ ከመንገዱ ማዶ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ሰደዷቸው። እዚያ ሆነው የዘፈኑ ማለቂያ ስለማይሰማቸው፣ ጋሪ ነጂው ቦሩ አዳራሹ ደጅ ጋሪው ላይ ቆሞ ጅራፉን ሲያነሳ እልል እንዲሉ ተስማሙ።

ነገሩ ሰምሮ ነበር፤ የቦሩ ፈረስ ድርቆሽ አይቶ ባይንቀሳቀስ። ቦሩ ሳያስበው ጅራፉን አነሳ። አዳራሹ ውስጥ ዘፋኙ የመለያየት እንጉርጉሮ ላይ ነበር፤ ሴቶቹ በነጠላቸው ጫፍ እንባ ይጠርጋሉ። «ጥላኝ ሄደች» ብሎ ትንፋሽ ሲስብ፣ ከማዶ እልልልልል! አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዘፋኙ ራሱ ሆዱን ይዞ ተቀመጠ።

«ይቆረጣል» አለ ተክለማርያም።

እትዬ ሽቶ ይህን ከቦሩ ሲሰሙ ሮጠው መጡና የሙለታን ነገር ከነፎቶግራፉ ታሪክ ዘረገፉለት። ሰውየው ሁሉንም ሰማቸው።

«የእኔም አባት» አለ በመጨረሻ፣ «በደብዳቤ ሁለት ዓመት ሙሉ ደህና ነበር። አልቆርጠውም።»

በሳምንቱ እሑድ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሬዲዮ ያለው የወለተኢየሱስ ሻይ ቤት ሰው በመስኮት ሁሉ ገባ። ዘፈኑ መጣ፤ ትንፋሹ መጣ፤ እልልታው መጣ። ቤቱ በጭብጨባ ሲናጋ የእትዬ ሽቶ ፊት ግን ጠቆረ።

«ይቺ ደግሞ ማናት? እኔ አይደለሁም! ሌላ ሴት አስገብተውብኛል!»

ሰው የገዛ ድምፁን ከውጭ ሲሰማው እንግዳ እንደሚሆንበት ማን ያስረዳቸው? ቦሩ ቢምልላቸው አላመኑም። «ያ ዋቅ፣ አምላኬ፣ ልጄም አያውቀኝም» እያሉ ሦስት ሳምንት ቅቤያቸውን ሳያሞግሱ ሸጡ። እሳቸውን ለሚያውቅ ይህ ከሳንባ ምቹ የከፋ ሕመም ነው።

ሁዳዴ ሳይጋመስ ደብዳቤ ደረሰ። ኃይለየሱስ ፖስታ ቤቱ ደጅ ላይ ቆሞ አነበበው፦

«እማ፣ ምሳ ላይ ነበርን። በሬዲዮው አንቺ ስትገቢ ሳህኔን ጣልኩት። ‹እናቴ ናት!› ብዬ ስጮህ ጓዶቼ ጠላት የመጣ መስሏቸው ጠመንጃ አነሱ። አሁን አምኛለሁ፤ አልጠፋም፣ አታስቢ። ግን የዚያ ምስኪን ሚስት ጥላው ስትሄድ አንቺን ምን አስደሰተሽ?»

እትዬ ሽቶ በሳቅና በእንባ መሃል ሆነው ደብዳቤውን ሁለቴ አስደገሙት። ኃይለየሱስ ለመልሱ ወረቀት ሲያወጣ ግን እጁን ለቀም አደረጉት።

«ወረቀትህን መልስ! ይልቅ ያ ባለ ሬዲዮ መቼ እንደሚመለስ ጠይቅልኝ።»