ዘጠኝ ቁጥር ማልያ

የሰይድን መሞት የሰማሁት ከተቀበረ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ብዘገይም ለቅሶ መድረስ አለብኝ ብዬ ከደብረ ብርሃን አጣዬ ወዳለው ቤቱ ወረድኩ። ጣርማ በር ላይ በካፖርት ስንቀጠቀጥ የነበርኩት ሰውዬ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ በሸሚዝ ቀረሁ። አውቶቡሱ ለምሳ ሲቆም ሌላው ተሳፋሪ ተጠራርቶ ገበታ ቀረበ፤ እኔ ብቻዬን ወደ ድሮው ኳስ ሜዳ ሄድኩ። ምን ሜዳ አለና! ቤት ተሠርቶበታል። ግቡ የነበረበትን ቦታ በዓይኔ ስፈልግ አንድ የባጃጅ ሾፌር «አባባ፣ የት ላድርስዎት?» አለኝ። የት ብዬ ልንገረው?

ያኔ እዚያ አካባቢ በነበረ የግብርና ኮሌጅ ተማሪዎች ነበርን። የኮሌጁ ቡድን አምበል እኔ ነበርኩ፤ አምበል ሲሉኝ ደረቴ ይነፋ ነበር፣ አሁን ምን ይደበቃል። ሰይድ አጥቂያችን ነው። የቆላ ልጅ ስለሆነ ሙቀቱ ለእሱ ምንም አይደለም፤ እኛ ደገኞቹ ግን ገና ሳንሮጥ ትንፋሽ ያጥረን ነበር። ያን ዓመት ስናሸንፍ ከረምን። ከጨዋታ በኋላ ሮቢት ወንዝ ወርደን እንታጠብና ፓፓያ ገዝተን በአንድ ቢላ እየቆረጥን እንበላለን። ሰይድ ትልቁን ቁራጭ ሁልጊዜ ወደ እኔ ይገፋል። ከእሱ በፊትም ሆነ ከእሱ በኋላ፣ ጓደኛዬ ብዬ አፌን ሞልቼ የምጠራው ሰው አልነበረኝም።

ውድድሩ ሊያልቅ ሲል ረመዳን ገባ። ሰይድ ጾሙን ይዞ ይጫወታል። እኛም አንድ ልማድ አወጣን፤ ማንም አላዘዘንም፣ ብቻ በእረፍት ሰዓት እሱ ፊት ውሃ አንጠጣም። ሜዳው ዳር ካለው የእህል መጋዘን ጀርባ ተራ በተራ እየዞርን እንጠጣና አፋችንን ጠርገን እንመለሳለን። እሱ ደግሞ ያላወቀ መስሎ የጫማውን ክር ሲፈታና ሲያስር ይቆያል።

በግማሽ ፍጻሜው እሱ ባገባት አንድ ግብ አሸነፍን። ግን መጨረሻ ላይ ባዶ ግብ ሳተ፤ ጉልበቱ ከዳው። ያቺ የሳታት ኳስ ከልቤ አልወጣ አለች። አምበል ሆኜ ዋንጫ ሳልጨብጥ ከኮሌጁ መውጣት ሞት መሰለኝ። ለፍጻሜው ጾምህን አፍርስና ኋላ ትተካዋለህ ልለው አሰብኩ፤ አፈርኩ። ይልቅ አሰልጣኛችን ዘንድ ሄድኩና ሰይድን ትኩሳት ይዞታል፣ ደብቆን ነው፣ ብትጠይቀውም አያምንልህም አልኩት። አሰልጣኙ ደግ ሰው ስለነበር አመነኝ።

ማልያ ማደል የአምበል ሥራ ነበር። ስም እየጠራሁ ስሰጥ ዘጠኝ ቁጥር ላይ ደረስኩና የሌላ ልጅ ስም ጠራሁ። ሰይድ የዘረጋውን እጁን ቀስ ብሎ ሰበሰበ።

«ምን አጠፋሁ?» አለኝ።

«አሞሃል» አልኩት።

ትክ ብሎ አየኝ። «እሺ፣ አሞኛል» አለና ሄዶ መስመሩ ዳር ተቀመጠ።

ሙሉውን ጨዋታ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ አየ። በእረፍት ሰዓት ወደ መጋዘኑ ጀርባ የዞረ ሰው አልነበረም። ሁላችንም እዚያው ፊቱ ጠጣን፤ እኔም ጠጣሁ።

አሸነፍን፤ ክፋቱም እሱ ነው። ብንሸነፍ ኖሮ ይቅርታ መጠየቂያ መንገድ አላጣም ነበር። ለማፍጠሪያው ቴምር ገዝቼ ወደ ማደሪያው ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ብቻውን ተቀምጦ ውሃ ሲጠጣ አየሁት። መግባት አቅቶኝ ተመለስኩ። ብዙም ሳንቆይ ተመርቀን ተለያየን። ስንት ጊዜ ደብዳቤ ጀመርኩ መሰላችሁ፤ «ወንድሜ ሰይድ» ከምትለው አላልፍም።

አጣዬ ስደርስ ልጁ ተቀበለኝ፤ ጎልማሳ ሰው ነው፣ ቁርጥ አባቱን። አላህ ይዘንለት ብዬ ስሜን ስነግረው ዓይኑ እንባ ሞላ።

«እርስዎ ነዎት ጋሼ? አባቴ እርስዎን አንስቶ አይጠግብም ነበር። ለዋንጫው ቀን ትኩሳት ይዞኝ አምበሌ አዝኖልኝ አስቀመጠኝ፣ እንደሱ ያለ ጓደኛ አላየሁም ይለን ነበር።»

ያን ሁሉ ዓመት ውሸቴን ተሸክሞልኝ ኖሯል። አባትህ ጤነኛ ነበር ልለው አፌን ከፈትኩ። ቤቱን ዘመድና ጎረቤት ሞልቶታል፤ ልጁም እጄን አጥብቆ ይዟል። «አላህ ያጽናችሁ» ብዬ ከዘመዶቹ መሃል ተቀመጥኩ።

ወደ ቤቴ ከተመለስኩ ይኸው ሳምንቴ። እውነቱን የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነበርን፤ አሁን ብቻዬን ቀረሁ።