የስፌት መኪናዋ ዝም ያለች ጊዜ

ዲላ ከስራለች አሉ። ገበያው ሞቷል፣ ብሩ ወደ መጣበት ተመልሷል፣ የገና በዓል ሳይደርስ የከተማው ሰው ሁሉ ኮቱን ገልብጦ ይለብሳል ተባለ። ወሬው የተነሣው በስድሳ ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ እኛ ከምንቀመጥበት ከቆንጅት ሻይ ቤት ነው። በማግስቱ ወናጎ ደረሰ፤ በሦስተኛው ቀን ይርጋጨፌ ላይ ቁርሱን በልቶ ወደ ደቡብ አቀና። በሳምንቱ አንድ የካሚዮን ሾፌር ያንኑ የገዛ ወሬያችንን ከሞያሌ ጭኖ አመጣልን፤ እኛም እንደ አዲስ ደነገጥን።

ማስረጃው አንድ ብቻ ነበር፤ የልብስ ሰፊው የጋሽ ሠረቀብርሃን መኪና ዝም ብላለች።

እኔ አላመንኩም። ማለቴ፣ ሳወራው አምኜው ነበር፤ ቤቴ ስገባ ነው የተጠራጠርኩት። ከሦስት ሰዓት በኋላ ቆንጅት ቤት ብስኩት አይገኝም፤ የከሰረ ከተማ ደግሞ ብስኩት እንዲህ አይሻማም። በመንገዱም ላይ ቆርቆሮ የጫነ ካሚዮን አልጠፋም። ይሁንና ከዚያች መኪና ዝምታ ጋር መከራከር ቀላል አልነበረም።

ምክንያቱም ዲላ ኑሮዋን የምትለካው በእሷ ነበር። የጋሽ ሠረቀ ቤት ከሻይ ቤቱ ፊት ለፊት ነው፤ መኪናዋ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ እዚያው በረንዳ ላይ ቆማ ስትንጣጣ ኖራለች። ገበሬው ቡናውን ሲሸጥ ከሁሉ በፊት ኮት ያሰፋል፣ ቀጥሎ ለልጁ ተፈሪ ሱሪ፣ ቀጥሎ ለሚስቱ ቀሚስ። ስለዚህ የቡና ዋጋ ሲወጣ መኪናዋ ትጋልባለች፤ ሲወርድ ታዘግማለች። ዓይኑን ጨፍኖ ድምፅዋን በመስማት ብቻ የፈረሱላውን ዋጋ የሚናገር ሽማግሌ ነበር፤ ሁለት ሳንቲም እንኳ አይስትም ይባል ነበር። እሺ፣ አምስት ሳንቲም ይስት ይሆናል።

ጋሽ ሠረቀ ራሱ ረዥም፣ ቀጭን፣ ራሱን ለክቶ የሰፋ የሚመስል ሰው ነው። ሜትሩ ከአንገቱ አይወርድም፤ ቤተ ክርስቲያንም ይዞት ይሄዳል። በአፉ ሁልጊዜ እስፒል ስለሚይዝ ብዙ አይናገርም። የቤቱን ወሬ ሁሉ የምታወራው፣ ሳቋም እስከ ገበያው የሚሰማው ሚስቱ የሺሃረግ ነች። ከተጋቡ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ሁለት ጊዜ ተስፋ አድርገው ሁለት ጊዜ አዝነዋል። ይህን ከተማው ያውቃል፤ ማንም ግን አያነሣውም።

እኛ ያኔ ያላወቅነውን ለእናንተ ከወዲሁ ልንገራችሁ። በዚያ ዓመት የሺሃረግ ሦስተኛውን ጸንሳ ነበር። የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ «ይህ እንዲቆይሽ ከፈለግሽ እስከ መጨረሻው ተኚ፤ እግርሽን ከፍ አድርጊ፤ ምንም ነገር እንዳይንጥሽ» አላት። የቤቱ ወለል ጣውላ ነው፤ በረንዳውም አልጋውም የቆሙት በዚያው ጣውላ ላይ ነው። መኪናዋን በረገጣት ቁጥር አልጋው ይንቀጠቀጣል። ወደ ግቢ እንዳያወጣት የዲላ ዝናብ አለ። ጋሽ ሠረቀ አንድ ቀን ማታ እጁን በአልጋው ጠርዝ ላይ አኖረና በደጅ የጎማ ጋሪ ሲያልፍ ንዝረቱን አዳመጠ። በማግስቱ መኪናዋን በጨርቅ ሸፈናት፤ መርፌና ክር ይዞ ከመጋረጃው ጀርባ ገባ፤ ቀድሞ የታዘዘውን የከተማውን ኮት ሁሉ በእጁ ይሰፋ ጀመር። ለማንም አልተናገረም። ሁለት ጊዜ በሰው አፍ የገባ ተስፋ ሁለት ጊዜ ወጥቷል፤ የሰው ዓይን ያላረፈበት ሆድ ይሻላል ብለው ባልና ሚስቱ ተማማሉ።

እኛ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ሆነን ስለ ኢኮኖሚ እንመራመራለን።

«ይኸው ነው» አለ የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ በዛብህ፣ ከአዲስ አበባ በሦስተኛው ቀን የሚደርሰውን ጋዜጣ እያጠፈ። «በውጭ አገር የንግድ መቀዝቀዝ ይሉታል። መጀመሪያ ልብስ ሰፊው ዝም ይላል፤ ቀጥሎ አገር ዝም ይላል።»

«አንተ መቼ ነው ዝም የምትለው?» አለች ቆንጅት።

«ቆንጅዬ፣ አንቺ ሻይሽን ቅጂ። ኢኮኖሚ ሌላ ነው።»

«ሻዩ ባይቀዳ ኢኮኖሚህን በምን ታወርደው ነበር?»

ያን ሰሞን አንድ አስተማሪ ጨርቅ ይዞ ወደ ጋሽ ሠረቀ ገብቶ ጨርቁን እንደያዘ ተመለሰ። «ከጥር በፊት ሥራ አልቀበልም አለኝ» ሲለን ትርጉሙን ወዲያው አገኘነው፤ ሰውዬው ክር መግዣ አጥቷል። የሺሃረግም ከታየች ሰንብታለች። «ባሏ ሲከስር ጊዜ ወደ ዘመዶቿ ሄዳለች» ተባለ። ይህንን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ወሬው ጨው አንሶት ነበር። ዛሬ ሳስበው ጋሽ ሠረቀ ምላሴን ሰፍቶ ቢሰጠኝ ይሻል ነበር።

ወሬውን ከሁላችን ይልቅ የወደደው ቡና ነጋዴው ደመላሽ ነው። ቡና የጫነ ገበሬ በመጣ ቁጥር ጣቱን ወደ ጋሽ ሠረቀ በረንዳ እየቀሰረ፣ «ትሰማለህ?» ይለዋል።

«ምንም አልሰማም» ይላል ገበሬው።

«እንግዲያው ዋጋውም እንደዚያው ነው።»

በዚህ ሁኔታ ዋጋው በየሳምንቱ እየወረደ ሄደ። ለካስ የሰው ወሬ ራሱ ቡና ይመዝናል።

ኅዳር ሲጋመስ ሙሉካ ከኢዲዶ መጣ። ሙሉካ የጌዴኦ ገበሬ ነው፤ የሠርግ ኮቱን የሰፋለት ጋሽ ሠረቀ ነው፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ወዳጆች ናቸው። በየዓመቱ ከመሸጡ በፊት በረንዳው ፊት ቆሞ፣ ባርኔጣውን አውልቆ መኪናዋን ያዳምጣል፤ ከጋለበች ቡናውን ያቆያል፣ ካዘገመች ይሸጣል። በዚያን ቀን ብዙ ቆመ። ቤቱን በዚያ ዓመት ቡና ቆርቆሮ ሊያለብስ አስቦ ነበር። ከዚያ ወደ ደመላሽ ዞረና፣ «ሐሙስ አመጣልሃለሁ» አለው፤ አንገቱን ደፍቶ።

ግን ወዳጁን ሳይጠይቅ አይሄድምና ገባ። ውስጥ የሆነውን በኋላ ሙሉካ ራሱ ነው የነገረኝ።

«ሠረቀ፣ መኪናህ ታመመች?»

«አልታመመችም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አለች? እኔ እሷን ሰምቼ ነው የምሸጥ። ቡናዬን ሐሙስ ለደመላሽ ልሰጠው ነው፤ እሱ በሚለው ዋጋ።»

ጋሽ ሠረቀ እስፒሎቹን ከአፉ አንድ በአንድ ያወጣ ጀመር። ሰባት ነበሩ አለኝ ሙሉካ፤ ሰባቱን ለማውጣት አንድ ቅዳሴ ያህል ፈጀበት። ቢናገር አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀው ነገር በሰው አፍ ይገባል። ዝም ቢል የወዳጁ የዓመት ልፋት በባዶ ወሬ ይሄዳል። የመጨረሻውን እስፒል ኮሌታው ላይ ሰካና መጋረጃውን አንድ ስንዝር ገለጥ አደረገው።

የሺሃረግ እግሯን በትራስ ከፍ አድርጋ ተኝታ ነበር። በዙሪያዋ በእጅ የተሰፋ ኮት እስከ መስኮቱ ድረስ ተከምሯል። ሆዷን እንደ ጠረጴዛ አድርጋ ቁልፍ ትተክላለች።

«ሙሉካ» አለችው ቀና ሳትል፣ «ቆመህ ከምታየኝ ያንን ክር አቀብለኝ።»

ክሩን አቀበላት። ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ስንት ወር?»

«ሰባት» አለ ጋሽ ሠረቀ። ድምፁ እንደ ቀጭን ክር ነበር።

«እኔ ምንም አላየሁም» አለ ሙሉካ። «ኮት ብቻ ነው ያየሁ። ይሄ ሁሉ ኮት ታዞ ገበያ ሞተ ይላሉ?» ባርኔጣውን መልሶ ደፋ። «ቡናዬ ይቀመጣል። ቤቴን እንሰት ከቦታል፤ ልጆቼ አይራቡም። ማን ያስቸኩለኛል?»

ሻይ ቤቱ ደጃፍ ላይ ደመላሽ ጠበቀው።

«ሐሙስ ነው አይደል?»

«አይደለም። አልሸጥም።»

«ምን ሰምተህ ነው?»

«ምንም አልሰማሁም» አለ ሙሉካ፤ በቅሎውን ፈትቶ መንገዱን ጀመረ።

ሐሙስ ዕለት በቡናው ፋንታ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣና ጋሽ ሠረቀ ቤት አስገባው። እኛ ከማዶ አንገታችንን እንደ ሰጎን አስግገን አየን።

«አለቀ» አለ በዛብህ። «ገበሬ ምጽዋት ሲሰጠው አያችሁ? ይህን ጋዜጣውም አልጻፈው።»

ቆንጅት ግን ጥቅሉን ትክ ብላ አየችው። «ቡላ ነው» አለች ለራሷ። ቡላ ገንፎ በማን ቤት እንደሚገነፋ፣ ለማን ጉልበት እንደሚሆን የምታውቅ ሴት ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጠዋቱን የመጀመሪያ ሻይ በገዛ እጇ ወደ ማዶ ታሻግር ጀመር፤ ለሾፌሮቹም፣ «ከቤቴ ፊት ጥሩምባ የነፋ ሻይ አያገኝም» ብላ አወጀች። እኛ ለሞተው ገበያ የሐዘን ሥርዓት መስሎን ጥሩምባ የሚነፋውን ሁሉ መገሠጽ ያዝን።

ሙሉካ አለመሸጡን የኢዲዶ ሰዎች ሰሙ። እሱ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው ብለው እነሱም ቡናቸውን አቆዩ። ደመላሽ መጋዘኑ ውስጥ ሲዞር ከአይጥ በቀር የሚያነጋግረው አጣ። ገና ሳይደርስ ዋጋውን እያጉረመረመ መለሰው፤ እኔም ኮቴን ሳልገለብጥ በዓሉን ዋልኩ።

በጥር አጋማሽ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ከጋሽ ሠረቀ ቤት እልልታ ተሰማ። በዛብህ እርሳሱን አውጥቶ በጋዜጣው ጠርዝ ላይ ጭረት ይጭር ጀመር። አንድ። ሁለት። ሦስት። ወንድ ቢሆን ሰባት ነው። ጠበቅን፤ አራተኛ አልመጣም።

«ሴት ናት» አለ በዛብህ። ቀጥሎም፣ «የማን ናት?» አለ።

ቆንጅት ዓይኗን በነጠላዋ ጠርዝ ጠረገች። «የኢኮኖሚህ ናት» አለችው።

ተነሥተን ሮጥን። ጋዜጣው፣ ብርጭቆው፣ ደመላሽም ሳይቀር ተሻገረ። በረንዳው ሞላ፤ ጣውላው አቃሰተ። ከመጋረጃው ጀርባ የሺሃረግ ሳቅ ተሰማ፤ እኔ ወደ ዘመዶቿ የላክኋት የሺሃረግ። አፍሬ ወደ ኋላ ልል ስል ሰዎቹ ገፍተው ከፊት አቆሙኝ። የወሬው አባት እኔ ነኝና።

ጋሽ ሠረቀ ወጣ። ሜትሩ አንገቱ ላይ ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል፤ አፉ ውስጥ ግን አንድም እስፒል አልነበረም።

«ጋሽ ሠረቀ» አልኩት፣ «እንኳን ማርያም ማረችልህ። እኛ እኮ... ገበያው ሞቷል፣ ከተማው ከስሯል ስንል... ዘመኑ ከፍቶ...»

መኪናዋ ላይ ያለውን ጨርቅ አንዴ አስተካከለ። ጣቶቹ ሁሉ በመርፌ ተወጋግተዋል።

«ከተማው አልከሰረም» አለ ቀስ ብሎ። «ገበያው አልሞተም። ክርም አላጣሁ፤ ሚስቴም የትም አልሄደችም። ካላችሁት ሁሉ አንድም እውነት የለበትም። አሁን ከጣውላው ላይ በእግር ጣታችሁ ውረዱ፤ ልጄ ተኝታለች።»