የእናቴ አንገት

እናቴ የሰርግ አቀንቃኝ ነበረች። ሙያዋ ነው ማለቴ አይደለም፤ መተዳደሪያዋ ኮልፌ አስራ ስምንት ማዞሪያ አካባቢ ያለችው የበርበሬና የሽሮ ሱቋ ናት። በሰፈራችን ልጅ ሲዳር ግን ከበሮውን ማንም ይምታው ማን፣ ዘፈኑን የምታወጣው እሷ ነበረች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታስርና ድንኳኑ መሀል ትቆማለች። ድምጿ ከፍ ሲል ተቀምጦ የነበረው ሁሉ ሳያስበው ይነሳል። "እሷ ካልመጣች ሰርጉ አይሞቅም" እያሉ ከሳንሱሲ ድረስ መጥተው የሚወስዷት ነበሩ።

አንገቷ ላይ ትልቅ እንቅርት ነበረባት። የተወለደችው ጎጃም ነው። ልጅ ሳለች እንቅርቱ ገና ብቅ ሲል እናቷ ንቅሳት ወደምትነቅስ ሴት ወስዳ አስነቀሰቻት። ንቅሳት እንቅርትን ያቆማል ይባል ነበር፤ ደግሞም ጌጥ ነው። አንገቷን የሚዞሩት አረንጓዴ መስመሮችና በመሀላቸው የተደረደሩት ትንንሽ መስቀሎች የዚያን ጊዜ ናቸው። እንቅርቱ ግን አልቆመም። እያደገ ሲሄድ መስመሮቹንም አብሮ ወጠራቸው። ልጅ ሆኜ ጭኗ ላይ ተቀምጬ በጣቴ እከተላቸው ነበር። ስትዘፍን ሁሉም አንድ ላይ ይንቀጠቀጡ ነበር። ጎረቤቶቻችን ድምጿ የሚወጣው ከእንቅርቱ ነው ይሉ ነበር፤ እሷም ትስቃለች እንጂ አትከራከራቸውም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሰርግ ላይ የሙሽራው ጓደኛ እናቴ ስትዘፍን በስልኩ ቀረጻትና ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። ብዙ ሰው አየው። ታናሽ እህቴ ደስ ብሏት ስልኳን ይዛ ሱቅ ድረስ መጣች። እናቴ ራሷን ስትዘፍን አይታ ፈገግ አለች። ከዚያ ማንም ሳይነግራት አስተያየቶቹን ማንበብ ጀመረች። ድምጿን ያደነቀው ብዙ ነበር። አንዱ ግን "ሴትዮዋ ኳስ ውጣለች እንዴ?" ብሎ ጽፏል። ከስሩ የሚስቁት ተደርድረዋል። ሌላው ደግሞ በንቅሳቷ አሹፏል።

ስልኩን ለእህቴ መለሰችላትና፣ "ለካ ሰው እኔን ሲያይ የሚያየው ይሄንን ነው" አለች። ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሰርግ ስትጠራ አንገቷን በነጠላ ጠምጥማ መሄድ ጀመረች፤ ቢሞቃትም አትፈታውም። አንድ ቀን ቁርስ እየበላን፣ "ኦፕራሲዮን አስደርጌ ላስወጣው ነው" አለችን። እኔና እህቴ ደስ አለን። ስትተኛ ትንፋሽ ያጥራት ስለነበር እኛም ብንፈልገውም ደፍረን አልነገርናትም ነበር።

ሐኪሙ ወጣትና ትሑት ሰው ነበር። ወረቀት ላይ አንገት ሳለልን። እጢው የት እንዳለና የት ጋ እንደሚቆርጥ አሳየን። ከእጢው ጀርባ አንዲት ቀጭን መስመር አሰመረና፣ "ይቺ የድምፅ ነርቭ ናት፣ እንደ ክር ነው የምትቀጥነው" አለ። "እንጠነቀቃለን። ግን እብጠቱ ትልቅ ስለሆነ ልትነካ ትችላለች። ያኔ ድምፅዎ ይጎረንናል። አንዳንዴ ይመለሳል፣ አንዳንዴ ደግሞ እንደዚያው ይቀራል።"

እናቴ ሥዕሉን ትክ ብላ ስታይ ቆየችና፣ "ንቅሳቴን ትቆርጠዋለህ?" አለችው።

"አዎ እማማ፣ በመሀሉ ነው የምናልፈው።"

"እንግዲያው ስትሰፋው መስመሩን አግጥመህ ስፋልኝ ልጄ። ከእናቴ የቀረኝ እሱ ነው።"

ጎንበስ ብሎ አንገቷን ደህና አድርጎ አየና፣ "እሞክራለሁ" አላት።

እኔም ስለ ጠባሳው ጠየቅሁት፤ እህቴም ስለ ስፌቱ ጠየቀችው። ስለ ድምጿ ግን ማናችንም አልጠየቅንም። ሐኪሙ ሥራዋን ቢጠይቀን ኖሮ እንኳ በርበሬ ነጋዴ ናት ነበር የምንለው። ዘፋኝ ናት ማለት ለማናችንም አይመጣልንም ነበር፣ ለራሷም ጭምር።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ለጊዜው እንዳትናገር ተከልክላ ነበር። ፋሻው ሲፈታ ሐኪሙ መስታወት አቀበላት። አንገቷ እንደ ሌላው ሰው አንገት ሆኗል። መስመሮቹ ስፌቱ ላይ ገጥመዋል፤ መስቀሎቹም አልተዛነፉም። ምን ያህል እንደተጨነቀበት ለማንም ያስታውቃል። እናቴ ልታመሰግነው አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ትንፋሽ ብቻ ነበር። ሐኪሙ መስታወቱን ተቀበላት።

እንጠብቅ ተባልን፣ ጠበቅን። የተሰጣትን የድምፅ ልምምድ ጠዋት ጠዋት ሱቋን ሳትከፍት ትሠራ ነበር። የንግግር ድምጿ ጎርናና ሆኖ ተመለሰ። የዘፈኑ አልተመለሰም።

ለክትትል በሄድንበት ቀን እህቴ በመጨረሻ፣ "ሰርግ ላይ ትዘፍን ነበር" አለችው።

ሐኪሙ ቀና ብሎ አያት። "ይህንን አላወቅሁም" አለ።

"ብታውቅ ምን ይለወጥ ነበር?"

"ኦፕራሲዮኑ ላይ ምናልባት ምንም። ግን ጊዜ ወስዳችሁ እንድታስቡበት እነግራችሁ ነበር።"

እህቴ ባለፈው ዓመት ተዳረች። ድንኳኑ በራችን ላይ ተተከለ፤ የሰፈሩ ሴቶችም ከበሮ ይዘው መጡ። እናቴ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ አንገቷን ገልጣ ወጣች፤ እንደዚያ አምራ አይቻት አላውቅም። ከበሮው ተመታ። ሴቶቹ ከልምድ የተነሳ ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። አንድ ስንኝ ጀመረች፤ መሀሉ ላይ ድምጿ ተሰነጠቀና ጠፋ። አንዲት ጎረቤታችን ቶሎ ብላ ተቀበለቻትና ዘፈኑ ቀጠለ። እናቴ እስከ መጨረሻው እያጨበጨበች ቆመች። እህቴ አለቀሰች፤ እንግዳው ግን ሙሽራ ስለሆነች ያለቀሰች መሰለው።

በማግስቱ ድንኳኑ እየፈረሰ ሳለ ኦፕራሲዮኑ ይቆጫት እንደሆን ጠየቅኋት።

"እንቅልፌን እተኛለሁ፤ ትንፋሼም አያጥረኝም" አለች። "ማንም ዞሮ አያየኝም።" ከዚያ፣ "የሰውን ልጅ ሁሉ ስድር ኖሬ፣ ለራሴ ልጅ ሳልዘፍንላት ቀረሁ" አለች።

እኔ ገና አላገባሁም። ይህን ስትል ወደ እኔ አላየችም። የኪራይ ወንበሮቹን መደራረብ ጀመርሁ፤ እሷም መጥታ ከወዲያ በኩል ያዘችልኝ።