የእመት ጤዛ ማኅተም

ዛሬ ቡሬ ላይ፣ ያረፈችው ልጄ የፈጠረችው ስም ልብስ ማጠቢያ ቤት በር ላይ ተጽፎ አየሁ፦ "እመት ጤዛ"።

እመት ጤዛ፣ ልጄ ትርንጎዬ አምስተኛ ክፍል ሳለች በደብተሯ የጻፈቻት አሮጊት ናት፤ ሰው ሳይነሣ ሣሩን ሁሉ የምታጥብ። ጠዋት እግሯ ረጥቦ ስትገባ "እመት ጤዛ አጠበችኝ" ትለኝ ነበር።

"ስሟን እንዳይወስዱብኝ" ብላ ስታለቅስ ደብተሩን ቀበሌ ወስጄ ማኅተም አስመታሁላት። ሊቀመንበሩ እየሳቁ መቱልን። እኔ ግን እንደ ቤት ካርታ አምኜው ኖርኩ።

"ይህ ስም የልጄ ነው፤ ማኅተም አለው!" እያልኩ ገባሁ።

የማጠቢያ ቤቱ ባለቤት የትርንጎ የክፍል ጓደኛ ሆና ተገኘች። "እትዬ፣ በእረፍት ሰዓት ትተርክልን ነበር እኮ። የንግድ ፈቃድ ሳወጣ ቢሮውን ጠይቄ፣ የጻፈችው ታሪክ የእሷ ነው፣ ስም ብቻውን ግን የቅጂ መብት የለውም አሉኝ። የቀበሌ ማኅተምም አያስከለክልም። ቢሆንም እርስዎን መጠየቅ ነበረብኝ። ላውርደው?"

ሳልመልስላት አንድ ሽማግሌ ከበሩ ብቅ አሉ። "እመት ጤዛ፣ ጋቢዬ ደረሰ?"

ልጄ ካረፈች ወዲህ ያን ስም ሰው ሲጠራው ሰምቼ አላውቅም ነበር።

"ተይው፣ አታውርጂው" አልኳት።

እናንተስ፣ ያጣችሁት ሰው ያወጣው ስም በሌላ ሰው አፍ ሲጠራ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ፤ ቀስ ብዬም ቢሆን አነባለሁ።