የፍሬም ቤቱ ካቶሊክ

ከጆሮው እርሳስ፣ ከከንፈሩ ፈገግታ አይጠፋም። መስታወት ሲቆርጥ ክራቫቱን ሸሚዙ ውስጥ ይወሽቃል። ጠረጴዛው ጥግ ላይ የአንዲት ሴት ፎቶ አለ፤ ክርኑ እንዳይነካት ሰብሰብ ብሎ ይሠራል።

የራሱ ቤተ ክርስቲያን ወጣቶች፣ "ጋሼ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሥዕል ማብዛት እኮ ጊዜው አልፎበታል" ሲሉት፣ "መጀመሪያ የሥዕሎቹን አቧራ ጥረጉ፤ ከዚያ እናወራለን" ይላቸዋል።

እኔም ለሟች እናቴ ፎቶ ፍሬም ላሠራ ሄጄ በነገር ጎሸም ሳላደርገው አላለፍኩም።

"እናንተ ካቶሊኮች መቼም ለወረቀት ትሰግዳላችሁ!"

ፍሬሙን ለካ፣ ቆረጠ፣ ገጠመ። በጋዜጣ ሊጠቀልልልኝ ሲል ብቻ ጠየቀኝ።

"ፊታቸውን ወደ ላይ ላድርገው ወይስ ወደ ታች?"

"ኧረ ወደ ላይ! እንዳትታፈን።"

ጋዜጣውን እንደያዘ ቀና አለ።

"ማን?" አለኝ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፤ "ወረቀቱ?"