የሰፈራችን ጥሩምባ ነፊ ፈርተው ነበር

አሁንም አላመንኩም። ዛሬ ንጋት ላይ የእድሩ ጥሩምባ ሲነፋ እንደ ልማዴ በሩን ከፍቼ ጋሽ ደምሴን ጠበቅኩ። ማን እንደሞተ እሳቸው ይነግሩናል ብዬ ነው።

ጥሩምባውን የያዘው ሌላ ሰው ነበር። የጠራው ስም ደግሞ የእሳቸው።

የኮተቤ ልጆች ታውቋቸዋላችሁ። ለማታውቋቸው፣ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። የዚህን ሰፈር ሞት ሁሉ ስንሰማ የኖርነው ከእሳቸው አፍ ነው።

እናቴን እንጦጦ የቀበርን ቀን ዳገቱ ላይ እግሬ አልሄድ አለኝ። ባህር ዛፍ ተደግፌ ቆምኩ። ሐዘኑ ብቻ አይደለም፣ የራሴም ተራ ታይቶኝ ነው። ጋሽ ደምሴ ከፊት ተመልሰው መጡና ሁሌ የሚሏትን አሉኝ፦

«ቀምሶ የነገረን የለም፤ ምኑን ነው የምትፈሪው? ሞትን የሚያየው ቋሚ ነው። ሟቹማ መች አየው?»

በዚያ ሁሉ ለቅሶ መሀል ፈገግ አሰኙኝ። ተያይዘን ወጣን።

ባለፈው ሳምንት ታመው ልጠይቃቸው ሄድኩ። ልጃቸው በር ላይ ይዛኝ «በሽታውን አልነገርናቸውም፣ አደራ» አለችኝ። ወጋችን ነው መቼም። በሽተኛው ፊት እንስቃለን፣ ውጭ ወጥተን እናለቅሳለን። የሰፈሩን መርዶ ሁሉ የተናገሩት ሰውዬ የራሳቸውን የሚነግራቸው አጡ።

ብቻችንን ስንሆን እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ፈርቻለሁ።»

እኔ ጅሏ ምን ብል ጥሩ ነው? «ጋሼ፣ ቀምሶ የነገረን የለም ሲሉ አልነበር እንዴ? ይልቅ ይነሱና ለፋሲካ ሾላ ገበያ ወርደን በግ እንገዛለን» ብዬ ቀለድኩ።

አልሳቁም። እጄን ለቀው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ሟች ሞትን ይየው አይየው ዛሬም አላውቅም። ፍርሃቱን ግን ጋሼ አይተውታል፤ እኛ ከበናቸው እየሳቅን፣ ለብቻቸው። ምናልባት ሰው ሞትን የሚፈራው ለዚህ ይሆናል። ሰው እየከበበህ ብቻህን ትሆናለህ። ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ይሄ ነገር አንገብግቦኛል።

ጋሼ፣ እርስዎ በየደጃችን ቆመው አንድ ቀን ዋሽተውን አያውቁም። እኔ ግን ለአንዲት ጥያቄዎ እውነት ነፈግኩዎት። «እኔም ፈርቻለሁ» ብዬ እጅዎን ይዤ መቀመጥ ነበረብኝ። ይቅር ይበሉኝ።

ደህና ይሁኑ፣ ጋሼ። ያን ቀን «ፈርቻለሁ» ሲሉኝ ሰምቼዎት ነበር።