ሰባት ጊዜ ማለቅለቅ

ታላቅ እህቴ ጠርሙስ ስታጥብ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። በግራ እጇ አንገቱን ይዛ በቀኟ ብሩሹን ታሽከረክራለች፤ ከዚያ በተጣራ ውሃ ሰባት ጊዜ ታለቀልቀዋለች። ቁጥሩ ከጠፋት እንደገና ከአንድ ትጀምራለች። የምርምር ክፍሉ ሰዎች በዚህ የተነሳ «እማማ ሰባቴ» ይሏት ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ያጠበችው የአንጎል ካንሰር ሴሎችን የሚያሳድጉባቸውን ጠርሙሶች ነው።

አንዲት ወጣት ዶክተር ሥራዋን አስረድታት ነበር። «እማማ፣ እንደ እርሾ ነው። ዕጢው ተቆርጦ ቢወጣም ጥቂት እናት ሴሎች ከቀሩ መልሰው ያቦኩታል። እኔ የማጠናው እናት አድርጎ የሚያቆያቸውን ፕሮቲን ነው። እሱን ባጠፋው ምን ይሆናሉ?»

«ሞግዚታቸውን ልትነጥቂያቸው ነዋ» አለቻት እህቴ። ከዚያ ወዲያ በቤታችን የፕሮቲኑ ስም ሞግዚት ሆነ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አክስታችን በስተርጅና መኪና መንዳት ልትማር ነው የሚል ወሬ ይዤ ወደ ሥራ ቦታዋ ሄድኩ። እህቴ ስትስቅ ቁጥሩ ጠፋት።

«አራት ነው ስድስት?» አለችኝ።

«ሰባት በይውና እንሂድ፤ ዝናብ መጣ» አልኳት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደስታ ሆነ። ፕሮቲኑ የጠፋባቸው ሴሎች በሙሉ ሞተው ተገኙ፤ ኬክ ተቆረጠ። እህቴ ድርሻዋን ሳትቀምሰው ቤት ይዛው መጣች። እነዚያ ሴሎች ያደጉት ያን ቀን ቁጥሩ ጠፍቷት ሰባት ብላ በተወቻቸው ጠርሙሶች ነበር።

«የገደላቸው ያልለቀቀ ሳሙና ቢሆንስ?» አለችኝ።

«አፍሽን ያዢ፣ ከሥራ ያባርሩሻል።»

«እኔ አፌን ብይዝ ስንት በሽተኛ ይህን ተስፋ ያደርጋል፣ አንቺ?»

በማግስቱ ሄዳ ለዶክተሯ ነገረቻት። ዶክተሯም «እንግዲህ ከአንድ እንጀምራለና» አለች።

ሦስት ወር ፈጀ። በዚህኛው ጊዜ ሴሎቹ አልሞቱም። ድሮ ክብ ሠርተው እየተሰባሰቡ ይበዙ የነበሩት፣ አሁን ተዘርግተው መብዛታቸውን ተዉ። «እናትነታቸውን ረሱ፤ እውነተኛው ውጤት ይሄ ነው» አለች ዶክተሯ። ፎቶውን አሳትማ ለእህቴ ሰጠቻት፤ በጀርባው «ለእማማ ሰባቴ» ይላል።

እህቴ የፎቶውን ልክ በቁራጭ ወረቀት ጻፈች። «ቅዳሜ ፍሬም ቤት አብረን እንሄዳለን» አለችኝ። ቅዳሜ ዘነበ። በሚቀጥለው ጉልበቷን አመማት፤ ከዚያ ሌላ ሌላው ተከተለ። ካረፈች አራት ዓመቷ ነው። ፎቶው ልኩ ከተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ጋር መሳቢያዬ ውስጥ አለ፣ ያለ ፍሬም።